ይውጣ ያልኩት ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ፣ "ቲቸር! ቲቸር!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት ሽክ ያለች ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኳት፣ ዛሬ ባንክ ቤት የምትሠራ። ጉንጬን አገላብጣ ስማኝ ሳታበቃ ስልኳን አውጥታ ዓይኔ ሥር ደቀነችው። "ልብ ወለድ ጽፌ ጨረስኩ ቲቸር። ኤዲት የሚያደርግልኝ ሰው ሳስብ እርስዎ መጡብኝ" አለች። "ምን ዓይነት አርትዖት ነው የፈለግሽው?" ስላት ግራ ገባት። "ዓይነት አለው እንዴ? ዝም ብለው ያንብቡትና የማያስፈልገውን ዴሊት ያድርጉልኝ። እርስዎ ያሉትን እኮ አልከራከርም።" ይህን ስትለኝ ሳቄ ከፊቴ ጠፋ። ባጃጇ መጣችልኝና ደህና ሁኚ እንኳን በወጉ ሳልል ገባሁባት። "እርስዎ ያሉትን አልከራከርም" ያሉኝ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኚያን ሰው በድያለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም፤ ልጆቼም ግማሹን ነው የሚያውቁት።

ያኔ ንፋስ መውጫ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም። ነፋሷ ግን ያው ነበር፤ ጠዋት ስትወጪ ነጠላሽን ነጥቆ ለጎረቤት የሚሰጥ። መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ፓስቲው ደግሞ ጋዜጣ ላይ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ዘይቱ ከጠጣው ወረቀት ላይ የወር ያለፈውን ወሬ አነብ ነበር። መናኸሪያው ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር፤ በድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት የፍቅር ዘፈን እየደጋገመ፣ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ግጥሙን ሸምድዶት ነበር። እኔ ከልባሽ ተራ የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፤ ትከሻው ለወንድ የተሰፋ። ያንን ካፖርት ለብሼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ ላይ ሰክቼ በገበያው መሐል ሳልፍ፣ "አዲስ አበባ መጽሐፍ ስታርም የነበረች" ይሉኛል። ትውልዴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፤ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት በአርታዒነት ሠርቼ፣ ባለቤቴ ንፋስ መውጫ ሲመደብ ተከትዬው ወደ መምህርነት መጣሁ። ከተማውን ለቅቄ በመምጣቴ ትንሽ አኩርፌ ነበር መሰለኝ፤ ኩርፊያዬን የምወጣው ደግሞ በተማሪዎች ድርሰት ላይ ነበር። ቀይ ቀለሜ ለአንድ ወር አይበቃኝም።

የአርትዖቱን ሥራ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያስተማሩኝ ጋሽ ታምሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጆሯቸው ጋር ያሰሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። "መጽሐፍ እንደ ቤት ነው" ይሉኛል። "መጀመሪያ ቤቱ መቆም አለመቆሙን ታያለሽ። ምሰሶው የጎደለ ቤት ብትለስኚው ምን ያደርጋል?" ይህ የመዋቅር አርትዖት ነው፤ የታሪኩ ሂደት፣ የሰዎቹ ጠባይ፣ የቱ ምዕራፍ የቱን ይቀድማል የሚለው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ይመጣል፤ አንደበቱ ይፈሳል ወይስ ይጎረብጣል፣ ደራሲው አንዱን ነገር ሦስቴ ብሎት እንደሆነ። ሦስተኛው የፊደልና የሰዋስው ለቀማ ነው፤ በአንደኛው ገጽ ጥቁር የነበረች በቅሎ በመቶኛው ገጽ ዳማ ሆና እንዳትገኝ መጠበቅ ጭምር። የመጨረሻው፣ ማተሚያ ቤቱ ገጹን ለቅሞ ካወጣው በኋላ የሚደረገው ንባብ ነው፤ ያን ጊዜ የተዘለለ ፊደል ከመመለስ በቀር ምንም አይነካም። ጋሽ ታምሩ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ነበራቸው። ግልጽ ስህተት በቀይ ይታረማል፤ የመዋቅር ነገር ግን በእርሳስ ነው፣ እሱም በጥያቄ። "ለደራሲው ደብዳቤ ጻፊለት። 'ይህ ሰው ለምን መጣ? ይህ ምዕራፍ ለአንተ ምንድን ነው?' በይው። አርታዒ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም።" ለባንኳ ልጅ በማግስቱ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት፤ እርሳስ እንደምገዛም ጭምር። ምን እንደማወራ የገባት አልመሰለኝም።

መሪጌታ ላእከ የመጡት የቅዳሜ ገበያ ዕለት ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሰው ናቸው፤ የድጓ መምህር፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው የተጠጋ። ንጹሕ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሰባት ደብተሮች ይዘው በሬ ላይ ቆሙና፣ "ልጄ፣ መጽሐፍ የምታርሚው አንቺ ነሽ አሉኝ" አሉ። ሲቀመጡ ደብተሮቹን ከጉልበታቸው አላወረዱም። "ሰው እንዳይሰማብኝ። የድጓ መምህር ልብ ወለድ ጻፈ ቢሉኝ ነውር ነው።" ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ከስማዳ ተነሥቶ ለትምህርት ስለሚሰደድ አንድ ተማሪ ነው" ብለው አንዱን ደብተር ገለጡልኝ። እንደዚያ ያለ የእጅ ጽሕፈት ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ተራ የሉክ ደብተር ላይ እንደ ብራና አስምረው፣ በጥቁር ቀለም ጽፈው፣ የምዕራፎቹን መግቢያና የቅዱሳንን ስም በቀይ አድርገውታል። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። "ሌላ ግልባጭ አለዎት?" አልኳቸው። "ኧረ የለኝም። እንደ ድጓው አርሚልኝ።"

እንደ ድጓው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። የጋይንት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በቤተ ልሔም ሊያስመሰክር፣ መምህርነቱን ሊያስጸድቅ የመጣ ተማሪ ራሱ የጻፈውን ድጓ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ መምህሩ ቃል በቃል፣ ምልክት በምልክት እየሰማ ያርመዋል። ይውጣ ያለው ይወጣል፣ ይፋቅ ያለው ይፋቃል፤ ተማሪ አራሚውን "ለምን?" አይለውም። እኔ ከተሜ ሆኜ ከርሜ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ ይህ አልታሰበኝም። አዎ ስል ቆመው እጅ ነሱኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አንድ ትልቅ ሊቅ እጅ ሲነሳኝ ደስ ያለኝ መሆኑን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ሠራሁት። ፊደሉ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ግዕዙ በዝቶ ያወፈረውን ዓረፍተ ነገር አቀጠንኩ፣ ሁለት ቦታ ስሙ የተቀያየረ ቄስ አስታረቅኩ። እስከዚህ ድረስ እጄ ንጹሕ ነው። አራተኛው ደብተር ላይ ስደርስ ግን ታሪኩ ቆመብኝ። ተማሪው በተስቦ ታሞ ከጎጆው ወድቋል፤ አንባቢ ይሙት ይዳን ብሎ ተጨንቋል፤ መሪጌታ እሱን ጥለው ሠላሳ ገጽ ሙሉ አንዲት ሴት ወንዝ ዳር ያስቀምጣሉ። የሻረግ ትባላለች፣ የተማሪው እኅት ናት። ሠርጓ በዚያ ሳምንት ነው፤ እጇ ላይ እንሶስላ ሞቃለች። የወንድሟን መታመም ስትሰማ በሶ በስልቻ ተሸክማ ከስማዳ ትነሣለች፤ ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቀን ያግታታል። ሦስቱን ቀን ጥጥ ትፈትላለች። ከዚያ በኋላ የሆነባትን በመጨረሻ በጥቂት መስመር ይጠቅሱታል እንጂ ሌላ ምንም አይሆንም። ወደ በሽተኛው ለመድረስ ቸኩዬ፣ በሷ ተናድጄ፣ ግን ሳላቋርጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እርሳሴን ፈለግኩ። ልጄ ትምህርት ቤት ወስዶ ጥሎታል። ተነሥቼ ከሱቅ ልገዛ እችል ነበር፤ ሱቁ ከቤቴ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁና ከላይ እስከ ታች ሰያፍ መስመር አሰመርኩበት። ከምዕራፉ አናት ላይ፣ "ይህ ምዕራፍ ታሪኩን አያንቀሳቅስም። ይውጣ" ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤ አልጻፍኩም። ጥያቄም አልጠየቅኩም። በጣም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መሪጌታ ደብተሮቹን ሊወስዱ ሲመጡ ገጽ በገጽ ገለጡ። በየገጹ ቀይ ባዩ ቁጥር ጭንቅላታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በእሳቸው ቤት ቀይ ቀለም የጌታ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው፤ እኔ "ይውጣ" ብዬበታለሁ። አራተኛው ደብተር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይኸም ነው?" አሉኝ።

"በተለይ እሱ" አልኳቸው።

"አንቱ ካሉ ይወጣል፤ አልከራከርም" አሉኝ።

አንቱ! ልጄ፣ አንቺ ሲሉኝ የነበሩ ሰው በአንድ ቀን አንቱ አሉኝ። ከአራሚያቸው ፊት እንደ ተማሪ መቀመጣቸው መሆኑን ያ ቃል ብቻ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ክብር መሰለኝና ዋጥ አደረግኩት። ደብተሮቹን ሳም ሳም አድርገው በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ።

መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ወረቀቱ ሸካራ፣ ከጀርባው ላይ ትንሽ ፎቶግራፍ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዘውልኝ መጡና፣ "ለጥምቀት ማግስት ስማዳ እንሄዳለን። ለቤተ ዘመድ ላነበው ነው፤ አራሚው ከሌሉማ ደስ አይልም" አሉ። እህል ጫኝ አይሱዙ ላይ ከጆንያ በላይ ተሳፍረን፣ አቧራ ጠጥተን ወገዳ ከተማ ገባን፤ ከዚያ ለእኔ በቅሎ ተፈልጎልኝ፣ እሳቸው በእግራቸው፣ ግማሽ ቀን ሄድን። አዝመራው ገብቶ አውድማው ሁሉ ጸድቶ ነበር፤ ገለባ ክምሩ አዲስ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጉዞ ጥቂት ነው። ካፖርቴን በቅሎዋ ላይ አንጥፌ፣ መንገደኛው ሁሉ ለመሪጌታ እጅ ሲነሣ እኔንም ጭምር እጅ እየነሳኝ፣ ንግሥት መስዬ ሄድኩ።

ከደጃፉ አንዲት ረዘም ያለች አሮጊት ቆማ ጠበቀችን። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጥፉ ገና ያልለቀቀ። መሪጌታን አንገታቸውን አቅፋ ሳመችና ወደ እኔ ዞረች። መሪጌታም፣ "እኅቴ ናት፣ ታላቄ። የሻረግ ትባላለች" አሉኝ።

በመጽሐፉ ውስጥ የሰውም የአገርም ስም ሁሉ ተቀይሯል፤ አንድ ስም ብቻ አልተቀየረም ነበር። እሷ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ "አንቱ ነዎት እንዴ ያረሙት? እግዜር ያክብርልኝ። ገና ሲጽፈው 'ስምሽ በመጽሐፍ ይነበባል፣ ጎረቤት ይሰማልሻል' ብሎኝ ይኸው ጠላ ጠምቄ ጠራኋቸው" አለችኝ። ግቢው በሰው ሞልቷል። እንደምንም መሪጌታን ወደ ገለባው ክምር ዞር አድርጌ፣ "እውነተኛ ሰው መሆኗን ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ድምፄ ቁጣ ነበረበት፤ በማን ላይ እንደምቆጣ እግዜር ይወቅ። "አልጠየቁኝም" አሉ ቀስ ብለው። "አራተኛውን ደብተር ይዘዋል?" አልኳቸው። "አቃጠልኩት። አራሚ የነቀፈው የመጽሐፍ ቅጠል አይቀመጥም መምህርት። የኋላ ሰው አግኝቶ ቢገለብጠው ስህተቱ ይባዛል።" ይህን ያሉት ሊነኩኝ ብለው አይደለም፤ ሕጋቸውን ነው የነገሩኝ።

መሪጌታ ሁለት ቀን አነበቡ። የድጓ ድምፅ ነውና ቃሉ ከግቢ አልፎ ይሰማል። ሰው ይስቃል፣ ያዝናል፣ ተማሪው ሲታመም ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። የሻረግ ከፊት ተቀምጣ እየፈተለች ትሰማለች። አዲስ ሰው በታሪኩ ውስጥ በመጣ ቁጥር እንዝርቷን ታቆማለች፤ ስሙ የሌላ ሲሆን መልሳ ታሾራለች። እኔ ስንቴ እንዳቆመች ሳይ ሁለቱን ቀን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሪጌታ የመጨረሻውን ገጽ ጨርሰው መጽሐፉን ዘጉ። ሰው እልል አለ። እሷ እስኪረጋጋ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ወንድምዓለም፣ የእኔስ ወዴት አለ? እንቅልፍ ወስዶኝ አምልጦኝ ይሆን?" አለች።

መሪጌታ እኔን አላዩም። መጽሐፉን ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ "እኔ ነኝ ያስወጣሁት" ማለት ነበረብኝ፤ አምስት ቃል እንኳን አይሞላም። እኔ ያልኩት ግን፣ "አላመለጠዎትም፤ መሪጌታ ደክሟቸው ዘለውት ነው። እኔ ላንብብልዎት" ነበር። የራሴን ጥፋት በእሳቸው ላይ ላከክሁ። መጽሐፉን ተቀብዬ መሐሉ ላይ ገለጥኩና፣ እዚያ ላይ የሌለውን ማንበብ ጀመርኩ።

"ወንዙ ሞልቶ ነበር። የሻረግ ስልቻዋን ድንጋይ ላይ አኖረችና ተቀመጠች። 'ዛሬ ባይጎድል ነገ ይጎድላል' አለች። ነገም አልጎደለም። ጥጧን አውጥታ ፈተለች። በማዶ የሚያልፍ መንገደኛ እንሶስላዋን አይቶ፣ 'የማን ሙሽራ ነሽ?' ብሎ ጮኸ። 'የማንም አይደለሁም፤ የተማሪ እኅት ነኝ' አለችው።" ሦስት ጊዜ ተናድጄ ያነበብኩት ምዕራፍ አንድም ሳይጎድል በቃሌ ኖሯል። ሙሽራው ሰባት ቀን ጠብቆ ሌላ እንዳገባ፣ እሷ ወንድሟን አርባ ቀን አስታምማ ስትመለስ እንሶስላው ከእጇ ለቆ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያጫት እንዳልመጣ፣ እስከ መጨረሻው አልኩት። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ነው፤ ፊደሉ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። እልል ያለ የለም። የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ስታበቃ ከእንዝርቷ አንድ ክንድ ክር በጥርሷ በጠሰችና ሰጠችኝ። "ከቦታው ላይ አድርጉልኝ። ፊደል የሚያውቅ ሰው ሲመጣ አስነብበዋለሁ" አለችኝ። ክሩን በገለጥኩት ገጽ ላይ አኖርኩት። ሌላ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ስንመለስ መሪጌታ ከበቅሎዋ ጎን ጎን ሄዱ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ ቀና ብለው አዩኝና፣

"እንዲህ በቃልዎ ከያዙት ለምን ይውጣ አሉ?" አሉኝ።

ከመጡብኝ መልሶች ሁሉ አንዱም ለአፍ የሚበቃ አልነበረም። ስለ መዋቅር ላወራቸው ነው? ስለ እርሳስ? እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም፤ እስከ ወገዳ ድረስ ስለ አዝመራው ተጨዋወትን። ንፋስ መውጫ ስገባ ሳልተኛ ምዕራፉን ከቃሌ ገልብጬ ጻፍኩት። በሳምንቱ ቤተ ልሔም ድረስ ሄጄ፣ "ሁለተኛ ሲታተም ይመለስ" ብዬ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ አንብበው በትሕትና መለሱልኝ። "ቃሉ የእኔ ነው፤ ግን አሁን የእርስዎ ሆኗል። ያስወጣሁትን እኔ መልሼ አላስገባም" አሉ። መጽሐፉም ሁለተኛ አልታተመም። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከሣጥኔ ግርጌ አለ፤ ቤት በቀየርን ቁጥር እኔው ራሴ ነኝ የምይዘው።

ከስንት ዓመት በኋላ መሪጌታን እዚሁ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ጃንጥላቸው ምርኩዝ ሆኗል። እኔም ካፖርቴን ጥዬ ነጠላ መልበስ ጀምሬያለሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝና፣ "ኧረ መምህርት፣ አንቱማ አይጎነበሱም" አሉኝ፤ አንቱነቴን እስከዚያ ድረስ አልነፈጉኝም። የሻረግን ጠየቅኋቸው። "ደኅና ናት። አርጅታለች፤ መጽሐፏን ግን ከራስጌዋ አታወርድም" አሉ። የጎረቤት ተማሪ ይሁን፣ የጤና ሠራተኛ ይሁን፣ ግብር ሰብሳቢ ይሁን፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ከቤቷ ከገባ ክሩ ካለበት ገልጣ ትሰጠዋለች አሉኝ። ያ ገጽ ደግሞ ገበያ መሐል ሁለት ሰዎች በበቅሎ ዋጋ የሚከራከሩበት ነው። እስኪጨርስ በትዕግሥት ትሰማዋለች። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብላ፣ "ንባብ የምታውቅ ያቺ መምህርት ናት፤ ስትመጣ ታነብልኛለች" ትልና ክሩን ከቦታው ትመልሰዋለች።

እኔ ስማዳ ዳግመኛ አልሄድኩም።